ወንድ ልጅም ያዝናል

በአገራችን ወንድ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው ነው። ይህ ትምህርት ሰውን ወዴት እንደሚያደርሰው ለመረዳት ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ የይፋትን ቆላ መመልከት ይበቃል።

ይፋት አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በገበያ የሚገናኙበት አገር ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ በግጭት ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ሰው ሞተ፣ ንብረት ጠፋ፣ ብዙ ሕዝብም ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ።

በዚህ ሁሉ መከራ ከወንዱ የተጠበቀው ምንድን ነው? በልቅሶ ቤት ለሞተው ዘመዱ እንዲያለቅስ ልማዳችን ይፈቅድለታል። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ግን «እንቅልፍ አጣሁ፣ ፈራሁ፣ ልጆቼን ማብላት አቃተኝ» ቢል ከወንድ አይቆጠርም። የተፈቀደለት ቁጣ ብቻ ነው። ወንድሙ በሰው እጅ የሞተበት እንደ ሆነማ «ደሙን መልስ» ይባላል፤ ቢዘገይ «ቀሚስ ልበስ» የሚል ሽሙጥ ይከተለዋል። ይህንንም የሚሉት ወንዶች ብቻ አይደሉም።

ኀዘኑን የሚወጣበት ሌላ በር ያጣ ሰው ጠመንጃውን ያነሣል። ከዚያም ወይ ይሸፍታል፣ ወይ ይታሰራል፣ ወይ በተራው ይገደላል፤ ለሚስቱ ብቸኝነት፣ ለልጁም ቂም ይተርፋቸዋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ ጠመንጃን ይቈጣጠር ይሆናል እንጂ ሽሙጥን አይቈጣጠርም።

«ወንዱ ካልጠነከረ ቤቱንና አገሩን ማን ይጠብቃል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ እኛም ጀግንነት ይቅር አላልንም። ነገር ግን ቤቱን ለመጠበቅ የሚቆም ሰው ሌላ ነው፤ መንደርተኛው እንዳይስቅበት ብሎ የሚገድል ሰው ሌላ ነው። ይህ ሁለተኛው ሽሙጥን የፈራ ነውና በምን ሚዛን ጀግና ይባላል?

መድኃኒቱን ከባሕር ማዶ ማምጣት አያስፈልገንም። በወሎ አበጋሮች፣ በሌላውም አገር ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ኖረዋል። በሽማግሌ ፊት «ትቼዋለሁ» ያለ ሰው በልማዳችንም የተከበረ ነው።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ለክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንጂ ከሽሙጠኞቹ ጋር አንተባበር። ኀዘንተኛውን «ወንድ ሁን» ማለቱን ትተን፣ «እንዴት ሰነበትክ?» ብለን እንጠይቀው፤ መልሱንም እስኪጨርስ ድረስ እንስማው።