የዴም ሰዎች ንብረት ይመዝገብ
ለኢፌዴሪ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሱዳን ለኢትዮጵያ ኤምባሲ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ሆይ፣

የምጽፍላችሁ በካርቱም ዴም ሰፈር ሠርተው፣ ነግደውና ልጅ አሳድገው፣ ጦርነቱ ሲመጣ ሁሉን ጥለው ስለወጡ ኢትዮጵያውያን ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። ምን ትተው እንደወጡ ጻፉላቸው። የሚያውቁ ምስክሮች በሕይወት ሳሉና አከራዮቹ አድራሻቸው ሳይጠፋ፣ ንብረታቸውንና የንግድ ቦታቸውን መዝግቡላቸው።

ዴም ከካርቱም መሃል ከተማ በስተደቡብ ይገኛል። እንግሊዞች በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የድሮውን ዴም አፍርሰው ሠራተኛውን ሕዝብ ያሰፈሩበት ነውና ከጥንቱም ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው መኖሪያ ነበር። ከቀይ ሽብር የሸሸው፣ ከ1977ቱ ረሃብ የተረፈው፣ በኋላም ሥራ ፍለጋ በመተማና በገዳሪፍ አልፎ የመጣው ሁሉ እዚያ ጎረቤት አገኘ። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ቡና አፍዪዋ፣ ፀጉር ሠሪው፣ ምግብ ቤት የከፈተው፣ ሁሉም ከትንሽ ነበር የጀመረው። እቁብ ወጥቶላት ጀበናዋን ወደ ሙሉ ቡና ቤት ያሳደገች ሴት በዴም ብርቅ አልነበረችም። ደንበኞቿ ሐበሾች ብቻ አልነበሩም፤ የካርቱም ሰው ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር እንጀራ በወጥ ሊበላ ይመጣ ነበር።

የዴምን ሰው አኗኗር ለማወቅ ሐቡብ ከሚባለው የአቧራ ማዕበል በኋላ የሚሆነውን ማየት ይበቃ ነበር። ክረምቱ ሲቃረብ አቧራው እንደ ቀይ ግድግዳ ከአድማስ ተነሥቶ ከተማውን ይውጠዋል። ቀኑ ይጨልማል፣ ሽቦ ይበጠሳል፣ ሰፈሩ መብራት ያጣል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ለምትጋግር ሴት ይህ ከባድ ኪሳራ ነው፤ በካርቱም ሙቀት የቦካ ሊጥ እስከ ማግስቱ አይቆይም። ስለዚህ ለጥገናው ገንዘብ ለማዋጣት ቀድመው የሚነሡት ጋጋሪዎቹ ነበሩ። ሱዳናዊው አከራይ መብራት ኃይል ቢሮ ሄዶ ይከራከራል፣ ኤርትራዊው ባለሱቅ በር በር እያንኳኳ መዋጮውን ይሰበስባል፣ ኢትዮጵያዊቷ ለሠራተኞቹ ቡና ታፈላለች። አንዳንዴ ሽቦውን የሚገዛው ሰፈሩ ራሱ ነበር። መብራት ሲመጣ ልጆች በመንገዱ ላይ የሚያሰሙት ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ማን ከየት አገር እንደመጣ በዚያች ሰዓት የሚጠይቅ አልነበረም።

ጦርነቱ የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ ቀዳም ስዑር ነበር፤ ዶሮ ተገዝቷል፣ ዳቦ ተቦክቷል፣ ሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ ረመዳን ላይ ነው። በዚያ ሳምንት ሰው የወጣው በእጁ የያዘውን ይዞ ነው። ብዙዎች በገላባት ተሻግረው መተማ ገቡ፣ ሌሎች ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ግብፅ ሄዱ። መውጣት ያልቻሉትን ደግሞ ሱዳናውያን ወጣቶች «የአደጋ ጊዜ ክፍሎች» በሚሏቸው የበጎ ፈቃድ ቡድኖቻቸው በኩል ምግብ እያበሰሉ ሲያበሉ ቆዩ። ስለዚያ ምስጋናችንን በመንግሥት ደረጃ ብትነግሯቸው ደስ ይለኛል።

የሱዳን ጦር በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱንና አውሮፕላን ማረፊያውን መልሶ ሲይዝ ከተማው ገመዱ የተነቀለ ነበር። ዘራፊዎች ለመዳቡ ሲሉ ከመሬት ውስጥ ኬብል ቆፍረው አውጥተዋል፣ የትራንስፎርመሮቹን ዘይት ቀድተው ሆዳቸውን ባዶ አድርገዋል። ይህ ጉዳት እንደ ሐቡቡ በሰፈር መዋጮ አይጠገንም። ግን ከተማው ቀስ በቀስ ይሠራል፣ ሰውም ይመለሳል። የኔ ስጋት ሲሠራ የዴም ኢትዮጵያውያን ከቁጥር እንዳይወጡ ነው።

ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ብዙዎቹ ቤቱን የተከራዩት፣ ፈቃዱንም ያወጡት በሱዳናዊ ስም ነው። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው ጥቂት ነበር፤ የሌለው ከከሻ፣ ከፖሊስ አፈሳ፣ እየተሸሸገ ይሠራ ነበር። ፍሪጁ፣ ምጣዱ፣ ወንበሩ፣ ለአከራይ የተከፈለው ቀብድ በእምነት የተያዘ ነው፣ ደረሰኝ የለውም። በጦርነቱ ዓመታት የካርቱም ባለሥልጣናት የውጭ ዜጎች ከግዛቱ እንዲወጡ ያዘዙባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ወረቀት የሌለው ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የት ሄዶ ይናገራል?

ስለዚህ በመተማ፣ በአዲስ አበባ፣ በገዳሪፍና በካይሮ የመመዝገቢያ ጠረጴዛ ይከፈት። የስልክ ፎቶ፣ የእቁብ ደብተር፣ የሁለት ጎረቤት ምስክርነት በቂ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠር። መዝገቡም ለሱዳን መንግሥት በይፋ ይሰጥ። ቀጥሎ ደግሞ ተመልሶ መሥራት የሚፈልግ ሰው በገዛ ስሙ የንግድ ፈቃድ የሚያወጣበት መንገድ ሁለቱ መንግሥታት ይደራደሩበት። ይህ ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር ከእኛ አገር በመተማ አልፎ ገዳሪፍ የደረሰው ስለ ዋጋ፣ ስለ ቆጣሪና ስለ ጥገና ቁጭ ብሎ የተነጋገረ ሰው ስለነበረ ነው። ኃይል ለመሸጥ እንዲህ የተደከመውን ያህል እዚያ ሠርተው ለሚያድሩ ዜጎችም ይደከምላቸው።

መጀመሪያ የምንጠብቀው ምዝገባው የሚጀመርበትን ቀንና ቦታ ነው። በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ በሬዲዮ ይነገር፤ አንዳንዶቹ ሰዎች ማንበብ አይችሉም፣ ስልካቸውም ድንበር ላይ ቀርቷል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዴም የቀድሞ ነዋሪ