ከትምህርት ቤት መልስ ያሉት ሰዓታት

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ያላቸው አንዲት እናት ለዚህ ዓምድ የላኩት ጥያቄ በአሁኑ ጊዜ በብዙ ቤት የሚነሣ ሆኖ ስላገኘነው ሰፋ አድርገን ልንመለከተው ወደናል። ልጃቸው ትምህርቷን ስትጨርስ ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ለማመልከት ታስባለች። ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እኅታቸው ደግሞ በስልክ፣ «እዚህ ውጤት ብቻውን አያስገባም፤ ከትምህርት ውጭ የምትሠራውን ይጠይቃሉና ከአሁኑ አንድ ነገር አስጀምሪያት» ትላቸዋለች። እናት ተጨነቁ። ፒያኖ ያስተምሯት? ቼዝ? ወይስ አንድ ወዳጃቸው እንደ መከሯቸው በልጅቷ ስም የበጎ አድራጎት ማኅበር ይቋቋም? «ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትንሹን ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ታመጣለች፤ የታመሙ አያቷን ታስታምማለች፤ እራት ታቀርባለች፤ ለሌላ ነገር ጊዜ የላትም» ሲሉም ያክላሉ።

በአገራችን ተማሪ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው በዋነኛነት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው። በዚህም ምክንያት የሚኒ ሚዲያ ወይም የቀይ መስቀል ክበብ አባል መሆንን ወላጅ እንደ ጨዋታ ቢያየው አያስደንቅም። የአሜሪካኖቹ አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። እዚያም ቢሆን አስቀድሞ የሚታየው የአራቱ ዓመታት ውጤትና ተማሪዋ የወሰደቻቸው ትምህርቶች ክብደት መሆኑን ልብ ይሏል። ከአመልካቾቻቸው አብዛኛውን የሚቀበሉ ብዙ ኮሌጆች ከውጤቱ አልፈው እምብዛም አይመረምሩም። ተጓዳኝ ሥራ ሚዛን የሚደፋው አመልካች በሚበዛባቸውና ጥሩ ውጤት ያለው ሁሉ በማይገባባቸው ዘንድ ነው።

ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕሊኬሽን የተባለ የጋራ ማመልከቻ አለ። በዚህ ቅጽ ላይ አመልካቿ እስከ 10 የሚደርሱ እንቅስቃሴዎችን መዘርዘር ትችላለች፤ አሥሩንም መሙላት ግን ግዴታ አይደለም። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በየትኞቹ ክፍሎች ሳለች እንደ ሠራችው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመትም ስንት ሳምንት እንደ ወሰደባት ትጠየቃለች። መግለጫው በእንግሊዝኛ ከ150 ሆሄያት መብለጥ የለበትም፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ሳይቀር ይቆጠራል። ቅጹ ሰዓት ስለሚጠይቅ በአሥር ክበብ ተመዝግባ በአንዱም ያልሰነበተች ተማሪ ነገሯ ከወረቀቱ ላይ ይነበባል። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

ለእናቲቱ ዋናው መልስ ያለው ግን እዚሁ ቅጽ ላይ ነው። ተማሪዋ የእንቅስቃሴዋን ዓይነት ከምትመርጥባቸው ክፍሎች መካከል ከስፖርቱና ከሙዚቃው እኩል «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ተጽፎ ይገኛል፤ «ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ» የሚልም አለ። አያት ማስታመም፣ ሕፃን መጠበቅ፣ በእናት ሱቅ ቆሞ መሸጥ ቦታ አላቸው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ኮሌጅ በኩል የወጣ ሪፖርትም ኮሌጆች ለቤተሰብ የሚደረገውን አስተዋጽኦ ከቁም ነገር እንዲቆጥሩትና ከእንቅስቃሴዎች ብዛት ይልቅ ጥራታቸውን እንዲመለከቱ አሳስቦ ነበር። ስለሆነም ልጅቷ በየቀኑ ሦስት ሰዓት የምትሠራውን «ምንም አትሠራም» ብሎ መተው፣ ከዚያም ለፒያኖ መምህር ገንዘብ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ፒያኖውን ራሷ ከወደደችው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ትማር።

በልጅ ስም ማኅበር ማቋቋሙን አንመክርም። አባት ገንዘቡን ከፍሎ፣ አጎት ደብዳቤውን ጽፎ ልጅቷ ፎቶግራፍ ብቻ የተነሣችበትን ሥራ፣ በየዓመቱ ብዙ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ለመለየት አይቸገርም። የዚህ መንገድ መጨረሻ እስከ ምን እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ታይቷል፤ አንዳንድ ሀብታም ወላጆች ልጆቻቸው ተጫውተው በማያውቁት ስፖርት ስፖርተኛ እንዲባሉ ገንዘብ ከፍለው ፍርድ ቤት ቀርበዋል፤ የታሠሩም አሉ። በሜሪላንድ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትን በተመለከተም፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ 75 ሰዓት ማገልገል ለመመረቂያ ስለሚጠየቅ፣ እዚያ ላሉት ልጆች ያንኑ ብቻ መዘርዘር ከጎረቤት ልጅ አይለያቸውም። ታናሽ እኅት ይህን ሳታውቅ አትቀርም።

እንግዲህ ልጅቷ ምን ትምረጥ? ሁለት ነገር ቢበዛ ሦስት፤ ከአሁን ጀምሮ እስከ 12ኛ ክፍል የምትቆይበት። መጻፍ የምትወድ ከሆነ ሚኒ ሚዲያ፣ ዕፅዋት የምትወድ ከሆነ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ አለላት። በሒሳብ የበረታች ልጅ ደግሞ ለታናናሾቿ ክፍሎች ቅዳሜ ቅዳሜ ብታስጠና ብዙ ወጪ የለውም። በመጀመሪያው ዓመት ጽሑፍ አንባቢ የነበረች በሦስተኛው ዓመት የፕሮግራሙ አዘጋጅ ብትሆን፣ ያ እድገት በ150 ሆሄያትም ቢሆን ይታያል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ቅጹ የቤት ሥራን ይቆጥራል ሲባል የሴት ልጅን ሸክም ትክክል ያደርገዋል ማለት አይደለም። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ በአንድ መሥመር የተጠቀሰ የስምንተኛ ክፍል ወንድም አለ፤ «እርሱ እስኪመሽ ኳስ ላይ ነው» ተብሏል። ለምን? ትንሹን ከመዋዕለ ሕፃናት ማምጣት እግር ላለው ሁሉ የሚሆን ሥራ ነው። ረቡዕና ዓርብ እርሱ ቢያመጣው እኅቱ ሁለት ቀን በትምህርት ቤት ቆይታ ክበቧን ትካፈላለች፤ ኳሱም በሦስቱ ቀን አይጎድልበትም። የቤት ሥራ ከልክ አልፎ ጥናቷን የሚነካ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ውጤቷ ነው የሚወድቀው።

የገንዘቡን ነገር በሚመለከት ከአሁኑ ማወቅ ይሻላል። ብዙዎቹ ኮሌጆች ከውጭ አገር የሚያመለክት ተማሪ የገንዘብ ርዳታ መጠየቁን ለመቀበልና ላለመቀበል ሲወስኑ ከግምት ያስገቡታል። እንዲህ የማያደርጉት ጥቂት ናቸው፤ ለመግባትም ከሁሉ የከበዱት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በእንቅስቃሴዋ የበረታች ልጅ ካልተሳካላት ጥፋቱ የእርሷ ነው ተብሎ እንዳይወሰድ።

ቅጹ ለየዓመቱ አመልካቾች የሚከፈተው ሐምሌ 25 ገደማ ሲሆን የብዙዎቹ ኮሌጆች መደበኛ የማመልከቻ ጊዜ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ይዘጋል። በዚያን ጊዜ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍልን ሰዓት ማስታወስ ስለሚያስቸግር ልጅቷ አንድ ደብተር ይዛ የሠራችውን በየሳምንቱ ብትጽፍ ይጠቅማታል። ከማመልከቻው ጋር ትምህርት ቤቱ ስለ እርሷ የሚልከው ደብዳቤም አለ። ጸሐፊው ከክፍል ውጭ ያለውን ኑሮዋን ካላወቀ የሚጽፈው ከማርኳ አያልፍም። እናቲቱ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ አያትየው ሕመምና ልጅቷ ስለምታደርገው እንክብካቤ ለስም ጠሪ መምህሯ ቢነግሩ መልካም ነው።