ጠመኔው ይቆይ፤ ብርጭቆው ይቅደም
ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡና ጣታችሁን ውኃው ውስጥ ንከሩ፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳትነኩ። ቁጥሩ ይጨምራል፣ ይቀንሳል ወይስ ባለበት ይቆያል? ብዙ ሰው «ጣቴን የያዘው ክንዴ ነው፤ ሚዛኑን ምን አገባው?» ብሎ ይከራከራል። ቁጥሩ ግን ይጨምራል። ውኃው ጣትን ወደ ላይ ይገፋል፤ አርኪሜድስ ከ2,200 ዓመታት በፊት የደረሰበት ነው። ጣትም በምላሹ ውኃውን በዚያው መጠን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ይህ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሦስተኛው ሕግ ነው። የነከራችሁት የጣት ክፍል የ10 ሚሊ ሊትር ውኃ ቦታ ከያዘ ሚዛኑ 10 ግራም ይጨምራል። በጣት ፈንታ በክር የተንጠለጠለ ድንጋይ ብትነክሩም፣ መጠኑ እኩል እስከሆነና ታቹን እስካልነካ ድረስ፣ ያው 10 ግራም ነው፤ እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ ይሄኛው ነው። ሦስተኛውን ሕግ እንደ ውኃ የሚጠጣ ተማሪ ሞልቶናል፤ ብርጭቆው ውስጥ ሲያገኘው ግን አያውቀውም። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ ቀመሩን ከጥያቄው ያስቀደምነው እኛ ነን። መጀመሪያ ይገምት፣ ከጓደኛው ጋር ይከራከር፣ ይሳሳትም። መምህራን ሆይ፣ ነገ ክፍል ስትገቡ ጠመኔ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ውኃና አንድ ሚዛን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡላቸው።