ስሙን ፈርቶ ጋሻውን መጣል

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሲያትል በሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ዘንድ ስለ ልጆች ትምህርት ያልተነገረ ነገር ያለ አይመስልም። ውጤት፣ ኮሌጅና ስኮላርሺፕ በክርስትናውም በለቅሶውም ይወሳሉ። በአንድ ጉዳይ ላይ ግን ዝምታ ነግሧል፤ እርሱም ወንበሩ ላይ መርጋት የተሳነው፣ የጀመረውን የማይጨርሰው፣ የሠራውን የቤት ሥራ እንኳ ማስረከብ የሚረሳው ልጅ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤቱ «ኤዲኤችዲ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር» ሲል ከብዙ ቤት የሚወጣው መልስ አንድ ነው፤ «ልጃችን ምንም አልሆነም!» መልሱ ከፍቅር የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም። ፍሬው ግን መራራ ነው፤ ልጁን ሊከላከልለት ከተዘጋጀው ሕግ ውጭ ያስቀረዋል።

ኤዲኤችዲ ትኩረትን የመምራት፣ ችኩልነትን የመግታትና ሥራን በቅደም ተከተል የማከናወን ችሎታ ከዕድሜ እኩዮች ዘግይቶ የሚጎለብትበት የአእምሮ ዕድገት እክል ነው። ስንፍናም ሆነ የአስተዳደግ ጉድለት አያመጣውም፤ በዘር የመተላለፍ ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑን በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ብርቅም አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 ከወላጆች በተሰበሰበ መረጃ መሠረት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ የአገሪቱ ልጆች መካከል 7 ሚሊዮን ያህሉ፣ ማለትም 11.4 በመቶው፣ ይህ እክል እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል።

«በአገር ቤት እንዲህ ያለ ነገር መቼ ነበረ?» የሚለው ክርክር ተደጋግሞ ይሰማል። ነበረ። ስሙ ግን «ቀበጥባጣ»፣ «ዝንጉ»፣ «ደንቆሮ» ነበር፤ መድኃኒቱም አርጩሜ። ስንቱ ብሩህ ልጅ «ትምህርት አልገባው አለ» ተብሎ ከአራተኛ ክፍል እንደ ቀረ የቆጠረ የለም። እክሉን የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፈጠራ ነው የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል ትኩረታቸውን መሰብሰብና ራሳቸውን መግታት ስለ ተሳናቸው ልጆች ለንደን ላይ ለሐኪሞች ያስረዱት እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ሪታሊን ገበያ ላይ ከመዋሉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ።

ከዚህ የከበደና ሊናቅ የማይገባው ሥጋት ሌላ ነው፤ «ጥቁር ልጅ ላይ ይህን ስም መለጠፍ ዕድሜ ልኩን እንዲከተለው ማድረግ ነው» የሚለው። ሥጋቱ መሠረት አለው። ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች በበለጠ መጠን ከትምህርት ገበታ እንደሚታገዱ የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት መረጃ ለዓመታት አሳይቷል። ከዚህ እውነት የሚወጣው መደምደሚያ ግን ተቃራኒው ነው። ያልተመረመረ ልጅ ስም አልባ ሆኖ አይቀርም፤ «ረባሽ»፣ «እምቢተኛ» የሚሉ ስሞች ይጻፉበታል። እነዚህ ስሞች ቅጣት እንጂ መብት አያስከትሉም።

የእክሉ ስም ግን መብት ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504፣ እክሉ ትምህርቱን ለሚያውክበት ልጅ ትምህርት ቤቱ ሁኔታዎችን እንዲያመቻች ያስገድዳል፤ ተጨማሪ የፈተና ጊዜ፣ ከመምህሩ አጠገብ መቀመጫ፣ ረጅም ሥራን ከፋፍሎ መስጠት ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ1975 ወጥቶ ኋላ «አይዲኢኤ» የተባለው ሕግ ደግሞ ልዩ ትምህርት ለሚያስፈልገው ልጅ «አይኢፒ» የተሰኘውን የግል የትምህርት ዕቅድ ያሰጣል፤ ምርመራውም በነጻ ነው። ከሁሉም በላይ፣ በዚህ ሕግ የተጠበቀ ልጅ በጥፋት ምክንያት ከ10 የትምህርት ቀናት በላይ እንዲርቅ ሲወሰንበት፣ ጥፋቱ ከእክሉ የመጣ መሆን አለመሆኑ ወላጅ ባለበት መመርመር አለበት። ከእክሉ የመጣ ከሆነ፣ የጦር መሣሪያን፣ አደንዛዥ ዕፅንና ከባድ የአካል ጉዳትን ከመሰሉ ሁኔታዎች በቀር፣ ልጁ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከለላው ገና ያልተመረመሩ፣ ነገር ግን ወላጆቻቸው ከጥፋቱ በፊት ምርመራ የጠየቁላቸውን ልጆች ጭምር ይሸፍናል። ወላጅ ምርመራውን ከከለከለ ግን ሕጉ ትምህርት ቤቱን «አላወቀም» ብሎ ነጻ ያወጣዋል። ልጁን ከስም ሊያድን የሸሸገ ወላጅ፣ ሳያውቀው ጋሻውን ከእጁ ነጥቆታል።

የመድኃኒት ፍርሃትም በምክንያትነት ይቀርባል። ምርመራን የፈቀደ ወላጅ ክኒን ፈቀደ ማለት አይደለም። ልጁ ክፍል ለመግባት ወይም ለመመርመር ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት እንዲወስድ ትምህርት ቤት እንዳያስገድድ ፌዴራላዊው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2004 ደንግጓል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ዕድሜያቸው 4 እና 5 ዓመት ለሆኑ ልጆች በቅድሚያ የሚመክረው የወላጆችን ሥልጠና ነው፤ ከ6 ዓመት ጀምሮ ደግሞ መድኃኒትን ከባሕርይ ሥልጠናና ከትምህርት ቤት ድጋፍ ጋር። የመጨረሻው ቃል የወላጅ ነው፤ ይህን ቃል ሳያስመረምሩ መናገር ግን ሽሽት ነው።

ቤት ውስጥም የሚለወጥ አለ። «ተነሣ፣ ታጠብ፣ ልብስህን ልበስ፣ ቦርሳህን ያዝ» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ የታዘዘ ልጅ የመጀመሪያውን ይዞ የቀረውን ይጥላል። አንድ በአንድ ቢነገረው፣ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢያየው፣ የፈጸመውን ወዲያው ቢመሰገንበት የተሻለ ይፈጽማል። ዱላና ስድብ ያልጎለበተውን ችሎታ አያጎለብቱም። ሴቶች ልጆች ደግሞ ስለማይረብሹ ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። በሐሳብ ጭልጥ የምትለው ዝምተኛ ልጅ «ጨዋ» ተብላ ትመሰገናለች፤ ሁለተኛ ደረጃ ደርሳ ውጤቷ ሲያሽቆለቁል «ሰነፈች» ትባላለች። ማንም አልጠየቃትም።

ትምህርት ቤቶችም ከወቀሳ አያመልጡም። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ወላጅ በእንግሊዝኛ የታጨቀ ሰነድ ሰጥቶ «ፈርም» ማለት ማሳወቅ ሊባል አይችልም። በአይኢፒ ስብሰባ የሚባለውን ወላጅ እንዲረዳ አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ሕጋዊ ግዴታ ነው። ልጁ በገዛ ጉዳዩ ለእናቱ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቀመጥበት ስብሰባ አሳፋሪ ነው። ይሁንና መብቱን ሊያስከብር የሚችለው ስብሰባው ላይ የተገኘ ወላጅ ብቻ ነው።

አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና እድሮች ለሟች ገንዘብ አሰባስበው አስከሬን አገር ቤት ያደርሳሉ። ለሕያው ልጅ አንድ ቅዳሜ መድበው የምርመራ መጠየቂያ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ማስረዳት አያቅታቸውም። ደብዳቤው ከጥቂት መስመር አያልፍም፤ የልጁ ስም፣ የሚታየው ችግር፣ «እንዲመረመር እንጠይቃለን» የሚል ቃል፣ ፊርማና ቀን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለ የኖረ ሕዝብ ይህን ሊያጣው አይገባም። ይሉኝታ ለጎረቤት ይበጅ ይሆናል። ልጁ ርእሰ መምህሩ ፊት የቀረበ ዕለት ግን ጎረቤት አብሮት አይቆምም፤ የሚቆምለት ወላጁና ያ ወረቀት ነው።