መንግሥት ለበደለው ሰው ስለሚከፍለው ካሣ

«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ምሳሌ በኢትዮጵያ ብቻ የተነገረ ይመስላል እንጂ፥ አሳቡስ በብዙ አገር ሲሠራበት የኖረ ነው። እንግሊዞች ንጉሥ በገዛ ፍርድ ቤቱ አይከሰስም ይሉ ነበር። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትም ከእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት ወጥተው ያለ ንጉሥ የሚተዳደር መንግሥት ካቆሙ በኋላ እንኳ፥ ይህን ሥርዐት ከእንግሊዝ ሕግ ወርሰው፥ መንግሥት ራሱ ካልፈቀደ በቀር ማንም ሊከሰው አይችልም ሲሉ ኖሩ። ንጉሡ ቢቀርም የንጉሥ አለመከሰስ ግን አልቀረም።

እንግዲህ የመንግሥት ሠራዊት እህሉን የወሰደበት፥ ወይም ለመንግሥት ዕቃ አቅርቦ ዋጋው የቀረበት፥ ወይም በመንግሥት ሹም ስሕተት አካሉ የጐደለ ሰው ወዴት ሄዶ ይጩኽ? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ገንዘብ ከግምጃ ቤት እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በ1791 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የጸናው የመጀመሪያው ማሻሻያ ደግሞ፥ ሕዝብ በደሉ እንዲታይለት ለመንግሥት አቤት ለማለት መብት እንዳለው ይናገራል። (ከዚህ በታች የሚጠሩት የአሜሪካ ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) እነዚህ ሁለት ቃሎች በተጋጠሙ ጊዜ የተገኘው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ይኸውም ተበዳዩ አቤቱታውን ለሕግ አውጭው ጉባኤ ያቀርባል፤ ጉባኤውም እውነት ሆኖ ቢያገኘው፥ ስሙን ጠርቶ ይህን ያህል ዶላር ይከፈለው የሚል ሕግ ለዚያ ሰው ብቻ ያወጣለታል። ይህም የግል ሕግ ይባላል።

የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ይህን የመሰለውን አቤቱታ የሚመረምር ኮሚቴ በ1794 አቆመ። ዳሩ ግን አገሩ እየሰፋ ጦርነቱም እየተደጋገመ በሄደ ቍጥር ባለጉዳዩ በዛ። ሕግ ሊያወጡ የተመረጡት እንደራሴዎች ምስክር ሲሰሙና ሒሳብ ሲመረምሩ የሚውሉ ዳኞች ሆኑ፤ ነገር ግን እንደ ዳኛ ሁለቱን ወገን አቁመው ለማከራከር ጊዜም ሥርዐትም አልነበራቸውም። ስለዚህ ወዳጅ ያለው ሰው ቶሎ ሲያገኝ፥ ወዳጅ የሌለው እየተመላለሰ አረጀ፤ አቤቱታውንም ለልጆቹ አውርሶ የሞተ ነበረ።

ይህን ለማቃለል በ1855 ለይግባኛል ጥያቄዎች የተለየ ፍርድ ቤት ተቋቋመ። መጀመሪያ ላይ ግን ፍርድ ቤቱ አሳቡን ለጉባኤው ከማቅረብ በቀር የመፍረድ ሥልጣን ስላልነበረው፥ ጉባኤው ነገሩን እንደ አዲስ እየመረመረ ባለጉዳዩን ሁለት ጊዜ አደከመው። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1861 ለጉባኤው በላኩት መልእክት፥ መንግሥት በሰውና በሰው መካከል እንደሚፈርድ ሁሉ በራሱም ላይ ሳይዘገይ መፍረድ ግዴታው መሆኑን አስታወቁ። ከዚህ በኋላ በ1863 በወጣው ሕግ ፍርድ ቤቱ የመፍረድ ሥልጣን ተሰጠው፤ በ1887 ደግሞ ሥልጣኑ ሰፍቶ፥ ከመንግሥት ጋር ውል የተዋዋለ ሰው መንግሥትን ለመክሰስ የሚችልበት መንገድ ጸና።

ሆኖም ይህ ሁሉ ለውልና ለገንዘብ ነው እንጂ፥ በመንግሥት ሠራተኛ ቸልተኝነት ለቈሰለና ለሞተ ሰው የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ የግል ሕግ መብዛቱ አልቀረም፤ ከ1905 እስከ 1907 በተቀመጠው 59ኛው ጉባኤ ብቻ ከ6000 የሚበልጡ የግል ሕጎች ወጥተዋል። አብዛኛዎቹ ለቀድሞ ወታደሮችና ለባልቴቶቻቸው የሚሰጥ ጡረታ ነበሩ። ከዚያ አስቀድሞ ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድ ከ200 በላይ የሚሆኑትን እንዲህ ያሉ የጡረታ ሕጎች አልፈርምም ብለው መልሰዋል፤ ምክንያታቸውም የማይገባው ሰው በእንደራሴው ወዳጅነት የሕዝብ ገንዘብ ይወስዳል የሚል ነበር።

ሐምሌ 28 ቀን 1945 አንድ የጦር አውሮፕላን በጉም ውስጥ ሲበር ከኒው ዮርኩ ከኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ጋር ተጋጭቶ 14 ሰዎች ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት ነሐሴ 2 ቀን 1946 ብዙ ጊዜ ሲመከርበት የቈየው ሕግ ወጣ፤ በዚህም ሕግ በመንግሥት ሠራተኛ ቸልተኝነት የተጐዳ ሰው መንግሥትን በፍርድ ቤት እንዲከስ ተፈቀደ። ሕጉ ከጥር 1 ቀን 1945 ወዲህ ለደረሰው ጉዳት ሁሉ እንዲሠራ ስለ ታዘዘ፥ በሕንፃው አደጋ የተጐዱትም ሊገለገሉበት ቻሉ። በዚያው ጊዜ ፍርድ ቤት ሊያየው በሚችለው ጉዳይ የግል ሕግ እንዳይቀርብ ተከለከለ።

እንዲህም ሆኖ በር ተዘግቶበት የሚቀር ሰው አልጠፋም። ሚያዝያ 16 ቀን 1947 በቴክሳስ ሲቲ ወደብ ግራንድካምፕ የሚባለው መርከብ የጫነው ማዳበሪያ ፈንድቶ ከ500 በላይ ሰዎች አለቁ። ማዳበሪያው በጦርነት ለተጐዳችው አውሮፓ እንዲላክ በመንግሥት ፋብሪካ የተሠራ ነበር። የተጐዱት ሰዎች ከሰሱ፤ ነገር ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1953 አራት ዳኞች ለሦስት ሆኖ፥ የመንግሥት ሹማምንት በራሳቸው ሥልጣን መርምረው በወሰኑት ነገር መንግሥት እንዳይከሰስ ሕጉ ይከለክላል ብሎ ፈረደባቸው። በዚህ ጊዜ ጉባኤው ወደ ጥንቱ መንገድ ተመልሶ፥ በ1955 ለዚያች ከተማ ተጐጂዎች ልዩ ሕግ አወጣላቸው፤ ለ1394 ይግባኛል ባዮችም 17 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተከፈለ።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1953 የመንግሥት የስለላ መሥሪያ ቤት ለአንድ ሳይንቲስት አእምሮ የሚያናውጥ መድኃኒት ሳያስታውቀው አጠጣው፤ ሰውየውም ከጥቂት ቀን በኋላ ከሆቴል መስኮት ወድቆ ሞተ። ነገሩ ለቤተ ሰቡ የተገለጸው በ1975 ነው። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ባልቴቲቱንና ልጆቿን አስጠርተው ይቅርታ ጠየቁ፤ በ1976ም በግል ሕግ 750,000 ዶላር ተፈቀደላቸው። ገንዘቡ የሞተውን አያስነሣም፤ ነገር ግን መንግሥት በደሉን ማመኑን በሕግ መጽሐፍ አጻፈው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው መካከለኛው ሥርዐት ነው። ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንደኛው አቤቱታውን ወደ ይግባኛል ፍርድ ቤት መርቶ፥ ዳኞች ምስክር ሰምተው፥ ይህ ሰው የሚጠይቀው መብቱን ነው ወይስ ችሮታ ነው የሚለውን ለይተው እንዲያስታውቁት ያደርጋል። የሚከፍለው ጉባኤው ነው፤ እውነቱን የሚያበጥረው ግን ዳኛ ነው። በሕግ መምሪያው ምክር ቤትም ስለ ግል ሕግ በተወሰነው ቀን ሁለት እንደራሴዎች ቢቃወሙ ነገሩ ወደ ኮሚቴው ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ከ2001 ወዲህ በየጉባኤው የሚወጣው የግል ሕግ በጣት የሚቈጠር ሆኗል።

የቍጥሩ ማነስ ግን በሁለት ወገን ሊታይ ይገባዋል። ባለጉዳዩ በፍርድ ቤት መብቱን ስላገኘ ቢያንስ መልካም ነው፤ የሚሰማው ስላጣ ቢያንስ ግን በደሉ ተደፍኖ ቀረ ማለት ነው። ሕግ ለሁሉ ስለሚጻፍ የእያንዳንዱን ሰው መከራ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሕጉ ያልደረሰለትን ሰው የሚያይ አንድ መስኮት ሊቀር ያስፈልጋል። መስኮቱ ዋና በር ከሆነ ግን የሚገባበት ድኻው ሳይሆን ባለሟሉ ይሆናል።

በኢትዮጵያም በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት የተጐዳ ሰው ካሣውን ከመንግሥት ለመጠየቅ እንዲችል፥ መንግሥትም ከፍሎ ያጠፋውን ሠራተኛ መልሶ እንዲጠይቅ ደንግጓል። ሕግ መጻፉ ግን የሥራው መጀመሪያ ነው። አቤቱታ የሚቀበል ሹም ወረቀቱን ከመዝገብ አግብቶ በጊዜው መልስ ቢሰጥ፥ ተበዳዩ አማላጅ ፍለጋ ደጅ አይጠናም። መንግሥት ሲከሰስ ክብሩ የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ፤ ይሁን እንጂ የመንግሥት ክብር የሚቀንሰው በራሱ ላይ ሲፈረድ ሳይሆን፥ በደሉን እያወቀ ዝም ሲል ነው።