የእንጨቱ ኩባያ ለምን ተሰነጠቀ?

በዚህ እትም ለጓዳችን የደረሰው ጥያቄ ከወትሮው ለየት ያለ ነው። አንዲት የሐዋሳ እህታችን ጽፈውልናል። ፊንላንድ ይኖር የነበረው ወንድማቸው ለእረፍት ሲመጣ በእጅ የተጠረበ የእንጨት ኩባያ አምጥቶላቸው ነበር። ወንድማቸው ዛሬ በሕይወት የለም። ኩባያው ሦስት ዓመት ሙሉ ቡፌ ውስጥ፣ በመስኮቱ ትይዩ ተቀምጦ ቆየ። ባለፈው ወር ለእንግዳ ሲወጣ በቤት የምታግዛቸው ልጅ በፈሳሽ ሳሙናና በፈላ ውኃ አጥባ ፀሐይ ላይ ደፋችው። ማታ ሲያዩት ከአፉ ወደ ታች ሁለት ጣት ያህል ተሰንጥቋል። «ልጅቱን ክፉኛ ተቆጣኋት፤ እሷም አለቀሰች። ከወንድሜ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። ይድናል ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ውድ እህታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናናዎ። ኩባያው እንደ ቀድሞው ባይሆንም ከቤት የሚጣል አይደለም።

የገለጹልን ዕቃ ኩክሳ የሚባለው ነው። በፊንላንድ፣ በስዊድንና በኖርዌይ ሰሜናዊ ክፍል የሚኖሩት የሳሚ ሕዝቦች ጉክሲ ይሉታል። አጋዘን የሚያረቡ እረኞች ከቀበቷቸው አንጠልጥለው የሚዞሩበት መጠጫ ነው። ጥሩ ኩክሳ የሚጠረበው በርች ከተባለው ዛፍ ግንድ ላይ እንደ እብጠት ከሚያድገው ጉጥ ነው። የጉጡ ጭረት ተጠማዞ የተጠላለፈ ስለሆነ እንደ ተራ እንጨት ቀጥ ብሎ አይሰነጠቅም። ጠራቢው እርጥቡን እንጨት ፈልፍሎ ቀስ ብሎ ያደርቀዋል፤ እንዳይሰነጠቅ በጨው ውኃ የሚቀቅሉትም አሉ። ዛሬ ለቱሪስት የሚሸጠው ብዙው ግን ከተራ እንጨት በማሽን የተቆረጠ ነው። የእርስዎን ገልብጠው ይመልከቱ። መስመሮቹ እንደ ወንዝ አዙሪት ከዞሩ ጉጥ ነው፤ ቀጥ ብለው ከሄዱ ተራ እንጨት ስለሆነ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ስንጥቁ እንምጣ። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አንዱ ጎን ከሌላው ቀድሞ ከደረቀ ደግሞ መሳሳቡን አይችለውም። ልጅቱ የፈላ ውኃ አፍስሳ ፀሐይ ላይ መድፋቷ በእርግጥ ጎድቶታል። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበረው ሦስት ዓመትም አብሮ ይቆጠር። በበጋ መስኮት አጠገብ፣ አንድም ቀን ሳይጠጣበት የከረመ እንጨት ቀድሞውኑ ደርቆ የተወጠረ ነው። ይህን ዕቃ ከሳሙና ባልተናነሰ የሚጎዳው እንደ ጌጥ ተቀምጦ መቅረቱ ነው። ልጅቱ ብርጭቆ እንዴት እንደሚታጠብ አስተምረዋታል፤ እሷም የተማረችውን አደረገች። እንጨት እንዴት እንደሚታጠብ ግን ማን አሳያት? ይህንን ቢነግሯት መልካም ይመስለናል፤ እሷም እስካሁን ከባድ ሸክም ተሸክማ ይሆናልና።

አስተጣጠቡ ከባድ አይደለም። እንደተጠጣበት ወዲያው ለብ ባለ ውኃ አለቅልቆ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ፣ ጥላ ሥር አየር በሚያገኝበት ቦታ ማስቀመጥ ነው። ሳሙናው ወደ እንጨቱ ይሰርግና በሚቀጥለው ቡና ውስጥ ይቀመሳል። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር አይገባም። የዕቃ ማጠቢያ ማሽንማ በጭራሽ! ትኩስ ነገር ከመቅዳትዎ በፊት በለብታ ውኃ ያሙቁት። ወተት ግን ባይቀዱበት እንመርጣለን፤ ሰርጎ ይኮመጥጣልና። ለጮጮና ለቅል የለመድነው የወይራ ጭስም ለዚህ አያስፈልግም፤ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ ሽታውም አይለቅም።

በአገሩ ደንብ አዲስ ኩክሳ መጀመሪያ የሚሟሸው በቡና ነው። ቡናው እየሰረገ ውስጡን ያጠቁረዋል። ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ ብዙ ቡና በመጠጣት ከዓለም ግንባር ቀደም ናቸው፤ ቡናው ከእኛ መሄዱን ሲያስቡት ስጦታው ወደ አገሩ የተመለሰ ያህል ነው። ኩክሳ በስጦታ ሲገኝ ዕድል ያመጣል የሚል አባባልም አላቸው። ዕድሉን ለእነርሱ እንተወው፤ የወንድምዎ ስጦታነቱ ይበቃል።

ለስንጥቁ፣ ኩባያው ጥላ ሥር ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ንጹሕ የንብ ሰም በእጅዎ አለስልሰው በስንጥቁ ውስጥና ውጭ አጥብቀው ይሙሉት፤ ትርፉን በጨርቅ ይጥረጉ። ሰም በትኩስ ቡና ስለሚቀልጥ ከእንግዲህ ለቀዝቃዛ መጠጥ ብቻ ይጠቀሙበት። ሱፐር ግሉ የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ፤ አፍ በሚነካ ዕቃ ላይ ግን አንመክርም።

ያልተሰነጠቀውን ገላ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በስሱ ዘይት መቀባት ይጠቅማል። ለምግብ የሚሆን ንጹሕ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው፤ እንጨቱ ላይ ይደርቃል። የኑግም ይደርቃል፣ ትንሽ ቢዘገይም። የሚረጋው የፓልም ዘይትና ቅቤ ግን ስለማይደርቁ ይጣበቃሉ፣ ቆይተውም ይሸታሉ። ከቀለም መሸጫ የሚገዛው የተልባ ዘይት ቶሎ እንዲደርቅ ኬሚካል የተጨመረበት ስለሆነ ለመጠጫ ዕቃ አይሆንም። አንድ ነገር አደራ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ስንጥቁ እየረዘመ ከሄደ ወይም ውስጡ ጠቁሮ መሽተት ከጀመረ መጠጡን ያቁሙ። ያኔ የቆሎ ማቅረቢያ ያድርጉት፤ ቡፌው ውስጥ ብቻ አይመልሱት።