ለወርድና ለፌስቡክ 7,000 ሜጋባይት?

ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ሰው ከሱቅ ይዞት የሚመለሰው ቃል አለ፤ «ኤንቪኤምኢ»። ሻጩ «ይሄ እኮ በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት ያነባል!» ይላል። ገዢው እንደገባው ሰው አንገቱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ወደ ዋጋ ይኬዳል። እኛ ግን ከዋጋው በፊት ጥያቄ አለን፦ ምን ሊያነብበት ነው?

እንተዋወቃለን መቼም። አብዛኞቻችን ኮምፒውተር የምንከፍተው ለመጻፍ፣ ፊልም ለማየትና ኢንተርኔት ላይ ለመዋል ነው።

በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። አንድ ፋይል በተፈለገ ቁጥር አንባቢዋ ክንድ ቦታው እስክትደርስ ይጠበቃል። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚፈለጉት ጥቃቅን ፋይሎች ብዙ ናቸው። ኮምፒውተሩን ከፍተን ቡና ልንጠጣ የምንሄደው ለዚህ ነው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ይህ ጥበቃ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ መሻገር ትርፉ በዓይን ይታያል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ክርክራችን ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ተራው የሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። 7,000 የሚባለው ቁጥር የሚገኘው ግን አንድ ግዙፍ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ ነው። ጥቃቅን ፋይሎች አንድ በአንድ ሲጠሩ ልዩነቱ በጣም ይጠባል። 13 እጥፍ ፈጥኖ የሚከፈት ወርድ የለም። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍማ የትኛውም ዲስክ አያድነንም። ቁጥሩ «ለማያውቁሽ ታጠኚ» ነው።

ትልልቅ ቪዲዮ የሚያቀናብር ይግዛ፤ ይጠቅመዋል። አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛም ኤንቪኤምኢ አብሮት ቢመጣ እሰየው፤ ርካሹ ግን ይበቃዋል። የቆየ ላፕቶፕ ያለው ደግሞ ማሽኑ ኤንቪኤምኢ ላይቀበል ስለሚችል አስቀድሞ ያጣራ።

የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ኪሳችንን እንዴት እንደጎዳው አይነገረንም። እንግዲያው የሚተርፈውን ብር የት እናውለው? ራማችን 4 ጊጋባይት ከሆነ 8 እናድርገው። ከዚያ ለመጠባበቂያ አንድ ውጫዊ ዲስክ እንግዛ፤ ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሳያስጠነቅቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮት ከጠፋ ፍጥነቱ ምን ሊረባን?

ስለዚህ ሱቅ ስንገባ «ስንት ያነባል?» ከማለታችን በፊት «ምን ልናስነብበው ነው?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?